ድንገት

ሽማግሌ ሲመርቅ «ከድንገተኛ ሞት ይሰውራችሁ» ይላል። እኛም እጃችንን ዘርግተን «አሜን» እንላለን። ከሞት ይሰውራችሁ አላለም፤ ያ እንደማይሆን እሱም እኛም እናውቃለን። የለመነልን ጊዜ ነው፤ የምንናዘዝበት፣ ንስሐ የምንገባበት፣ የተቀየምነውን የምንታረቅበት፣ ለልጆቻችን አንድ ሁለት ቃል የምንናገርበት ጊዜ። ምርቃቱ መልካም ምርቃት ነው። እኔን ሲያስቸግረኝ የኖረው «ድንገት» የሚባለው ቃል ነው።

ያስቸገረኝም በሥራ ምክንያት ነው። ቆሼ አጠገብ ያለ የአንድ ትንሽ እድር ጸሐፊ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩና መዝገቡን በመምህር ወግ አስምረውታል፦ ተራ ቁጥር፣ የሟች ስም፣ ዕድሜ፣ ከአባሉ ጋር ያለው ዝምድና፣ የተከፈለ ገንዘብ፤ በመጨረሻም «ምክንያት» የሚል ጠባብ ዓምድ። ገንዘቡን ለመክፈል ምክንያቱ አያስፈልገንም። ድንኳኑም የሚተከለው በምን እንደሞተ ተጠይቆ አይደለም። ቢሆንም ዓምዱ አለና ይሞላል። አንድ ቀን መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳገላብጥ በዚያ ዓምድ ውስጥ ከሁሉ በብዛት የተጻፈው «ድንገት» ሆኖ አገኘሁት። ቀጥሎ «ብርድ»፣ «ሳንባ»፣ «አስም»፣ «ልብ»፣ «እርጅና» ይመጣሉ።

ይህ የእኛ እድር ጠባይ ብቻ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማይቱ የመቃብር ቦታዎች ሁሉ ቀብሮችን መመዝገብ ጀምረው ነበር። የኤድስ ሞት የበረታበት ዘመን ነውና ሰው በምን እንደሚሞት ማወቅ ፈለጉ። ብዙ ሰው የሚሞተው በቤቱ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ይዞ የሚቀበር ጥቂት ነው። ስለዚህ የሟቹን ዘመድ ወይም ወዳጅ እዚያው ቀብር ላይ «በምን ሞተ?» እያሉ ጠየቁ። «የሳንባ በሽታ» የሚል መልስ መጣ፤ «ብርድ» የሚልም መጣ። ተመራማሪዎቹ በኋላ መልሶቹን ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲያስተያዩ፣ ከነዚህ ቃላት ጀርባ ብዙ ጊዜ ያ ስሙ የማይጠራው በሽታ እንዳለ ተረዱ። ያዘነ ሰው የሚናገረው እውነትን ሁሉ አይደለም፤ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ነው። በዚህ ማንም አይፈረድበትም። ነገር ግን አንዳንዴ ቃሉ የሚሸፍነው ነውርን ሳይሆን አለማየትን ነው። ልናገር የፈለግሁት ስለዚህኛው ነው።

ሰፈራችንን ለማያውቅ አንባቢ፦ ቆሼ ከስሙ እንደሚታወቀው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሁሉ ወደዚህ ሲጋዝ ኖሯል፤ ሠላሳ ስድስት ሔክታር ገደማ የሚሸፍን ተራራ ሆነ። ከአጠገቡ የዘነበ ወርቅ ሰፈርና አለርት ሆስፒታል አሉ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለሕክምና መጥተው፣ ሲድኑም የሚመለሱበት አጥተው በዚሁ ሰፍረው ቀርተዋል፤ ከነሱና ከልጆቻቸው ብዙዎቹ ከቆሻሻው ላይ ብረት፣ ጣሳና ሃይላንድ እየለቀሙ ኖረዋል። ወደ ምዕራብ ትንሽ ራመድ ሲሉ ደግሞ አየር ጤና የሚባል ሰፈር አለ። ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲመጣ የአየር ጤና ሰው መስኮቱን ይዘጋል። እኛ ስሙን ከለመድነው ቆይተናል፤ የሚስቁት እንግዶች ናቸው።

በመዝገባችን ውስጥ «ድንገት» የሚለው ቃል በላይ በላዩ የተደረደረባቸው ገጾች የመጋቢት 2009 ዓ.ም. ናቸው። መጋቢት 2 ቀን ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ቀበረ። ከአንድ መቶ አሥር በላይ ሰው ሞተ፤ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በሬዲዮም «በድንገት የተደረመሰው» ሲባል ሰማን። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ በየቀኑ በመኪና ሲቆለል የኖረ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ፣ በወራት ውስጥ በገበሬዎቹ ተቃውሞ ሲዘጋ ቆሻሻው ተመልሶ ወደዚሁ መጣ። ከአደጋው በኋላ ነዋሪዎች ለጋዜጠኞች የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ መልሶ መደፋቱንና ዶዘሮች ከላይ ሲገፉት መክረማቸውን። ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የረጲ ፋብሪካ የተመረቀው ከዚያ በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ድንገት የሆነው ምኑ ነው? የወረደበት ደቂቃ ብቻ።

አሁን ወደ አንዱ ሰው ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ናቸው። ከመንዝ በልጅነቱ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ቆሼ ላይ የኖረ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ ሰው ነበር። ከናዳው የተረፈው ያን ዕለት ማታ ለቅሶ ቤት አምሽቶ ነው። የሚታወቀው በዝምታው ነበር፤ በኋላ ግን በድምፁ ታወቀ። ማውራት ጀመረ ማለቴ አይደለም። የሚተነፍሰው ትንፋሽ ድምፅ አወጣ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የሱ በሽታ የሚደበቅ አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ዳገቱን ሲወጣ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ የዛገ የመስኮት ማጠፊያ ሲሳብ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። በኋላ ማዳበሪያውን ሳይሸከምም ይሰማ ጀመር። ከዚያ ተቀምጦም። ሌሊት በጀርባው መተኛት ስላልቻለ ትራስ ደራርቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያነጋ እንደነበር ሚስቱ ነግራኛለች። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች የሱን ትንፋሽ እየቆጠሩ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

ታዲያ ምን አልን? «ቆሼ የሚውል ሰው ባያስለው ነው የሚገርመው» አልን። ጭሱ አለ፣ አቧራው አለ፣ ሽታው አለ። ለድምፁ የተዘጋጀ ምክንያት ከደጃችን ተቆልሎ እያለ ሌላ ምክንያት ማን ይፈልጋል? ሕክምና ቤትም ሄዷል፤ አልሄደም ብሎ የሚያማው ቢኖር ሐሰት ነው። አንድ ክሊኒክ «ከየት ነህ?» አለው፤ «ከቆሼ» አለ፤ አስም ነው ተባለና ፓፍ ተሰጠው። ሌላው ቦታ አክታው ተመረመረ፤ «የሳንባ ነቀርሳ የለብህም፣ ደስ ይበልህ» ተባለ። ደረቱን ራጅ ተነሣ፤ ደኅና ነው ተባለ። በመካከሉ የታዘዘለት ኪኒን ለሁለት ሳምንት ቀለል አደረገለትና ዳንኩ ብሎ ነበር። ከዚያ ያ ድምፅ ተመልሶ መጣ።

በኋላ ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅሁ የተረዳሁትን እንዲህ አድርጌ ላስረዳ። የአስም ድምፅ በአብዛኛው የሚሰማው ሰውየው አየር ሲያስወጣ ነው፤ የጠበቡት በሳንባ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸውና። ከላይ ማንቁርት ወይም ዋናው የመተንፈሻ ቧንቧ ሲጠብ ግን ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው አየር ሲያስገባ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ለመስማት መሣሪያ አይፈልግም። ዋናው ቧንቧ በአዋቂ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ትርፍ ስላለው በውስጡ የሚበቅል ዕጢ ግማሹን እስኪይዝ ድረስ ሰውየው ላይታወቀው ይችላል። ክፍተቱ ወደ ስምንት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ዳገት ያቅታል። ወደ አምስት ሲወርድ ተቀምጦ መተንፈስም ሥራ ይሆናል። ነገሩን የሚያከፋው የፊዚክስ ሕግ ነው፤ የቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ አየሩን ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በሁለት እጥፍ ሳይሆን ቢያንስ በአሥራ ስድስት እጥፍ ይጨምራል። አንባቢ ሆይ፣ የእስክርቢቶ ቀፎ አፍህ ላይ አድርገህ፣ አፍንጫህን ይዘህ፣ በዚያ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ተንፍስ። ከዚያ በዚያው አንድ ደረጃ ለመውጣት ሞክር። እሱ በዚያ ትንፋሽ ነበር ማዳበሪያ የተሸከመው።

የዚህ ዓይነት ዕጢ ብርቅ ነው፤ ከነቀርሳ ሕመምተኞች መካከል በዋናው ቧንቧ ላይ የሚወጣባቸው ከሁለት መቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ በየሀገሩ፣ ሀብታም በሆኑትም ዘንድ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት «አስም» እየተባለ ይታከማል። ተራ የደረት ራጅ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። እብጠትን የሚቀንሰው ኪኒንም ለጊዜው ስለሚያስታግሰው ሐኪሙንም ታማሚውንም ያሳስታል። የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው፤ ወይም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ተልኮ ማየት ነው። በልጆችም ዘንድ ወንድሙ የሆነ በሽታ አለ፤ በማንቁርታቸው ላይ ኪንታሮት መሰል ነገር እየበቀለ ድምፃቸውን የሚያጎረንን፣ እሱም አስም እየተባለ የሚታለፍ፣ ሲባባስም መንገዱን ዘግቶ የሚገድል። ድምፁ ለሳምንታት ጎርንኖ የቀረ ሕፃን «ጮኾ ጮኾ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ይህ የድሃ በሽታ ነው እንዳይባል ደግሞ የአንድ ንጉሥ ታሪክ አለ። የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድምፁ ጎረነነ። የሀገሩ ሐኪሞች ነቀርሳ ነው፣ ጉሮሮው ይቀደድ አሉ። ከእንግሊዝ የተጠራው ታላቁ የጉሮሮ ሐኪም ማኬንዚ ቁራሽ ቆርጦ አስመረመረ፤ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ፊርኾ በማይክሮስኮፕ አይቶ የነቀርሳ ምልክት አላገኘሁም አለ። ቀዶ ጥገናው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ትንፋሹ ሲያጥር አንገቱ ተበስቶ ቱቦ ገባለት፤ በመጋቢት ወር ነገሠ፤ መናገር ስላልቻለ በወረቀት እየጻፈ ዘጠና ዘጠኝ ቀን ገዝቶ በሰኔ 1888 ሞተ። ነቀርሳ ነበር። የንጉሡና የጎረቤታችን ልዩነት ግን አለ። ንጉሡን አይተውት ተሳሳቱ። የኛን ሰው ግን እስከመጨረሻው ያየለት አልነበረም።

አያቴ እንቅርት ነበራቸው። አንገታቸው ላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ነገር ተንጠልጥሎ፣ በላዩ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት፤ ያን ጊዜ ለውበትም ለመድኃኒትም ይነቀሱ ነበር። ሲተኙ ያንኮራፉ ነበር፤ እብጠቱ ቧንቧውን እየተጫነው እንደነበረ አሁን ይገባኛል። በደጋው ሀገራችን ይህ ብርቅ አልነበረም፤ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከሦስት አንዷ በላይ እንቅርት እንዳለባት አሳይቷል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የአዮዲን እጥረት ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ጨው ላይ ጥቂት አዮዲን መጨመር። ሕግ ወጥቶ ሲሠራበት፣ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ አሥራ አምስት ቤት ብቻ ይገኝ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በ2008 ዓ.ም. ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ ቤት ተገኘ። እንቅርት ከውጭ የሚታይ ነገር ነውና ተረት ተተረተለት፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ተባለለት፣ ተነቀሱበት፣ ጥናት ተጠናለት፣ ሕግ ወጣለት። ከውስጥ የበቀለው ግን የሚመሰክርለት ድምፁ ብቻ ነው፤ ድምፁን የሚሰማ ካልተገኘ ምስክር የለውም።

ሰውየው በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ሞተ። ጉንፋን ይዞት ነበር። ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ወደቀ። በቀረችው ቀጭን ክፍተት ላይ አንድ የአክታ እንክብል ከተደነቀረባት በቂ ነው፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ቤቱ ቢሞት ኖሮ በዚያው ቀን ቀብረነው «ድንገት» ብዬ እጽፍ ነበር። መንገድ ላይ ስለተገኘ ግን ፖሊስ አነሣው፤ አስከሬኑም ለምርመራ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተወሰደ። ዘመዶቹ «ሬሳ አይቆረጥም» ብለው አለቀሱ፤ ሁለት ቀን ድንኳን ውስጥ ያለ አስከሬን ተቀመጥን። ከዚያ ወረቀቱ መጣ። በመተንፈሻ ቧንቧው ላይ የበቀለ ዕጢ፤ መንገዱን ሊዘጋ ጥቂት የቀረው።

ቆሼ አመጣበት ወይ? ይህን የሚመልስልኝ አላገኘሁም። በዚያ ቧንቧ ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች አንዱ ዓይነት ከትምባሆ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ዓይነት ከጭስ ጋር ምንም ዝምድና አልተገኘለትም። ቆሼ ያደረገበትን ሌላ ነገር ግን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ለሕመሙ ቶሎ የሚገኝ ምክንያት ሰጠን። ያው ድምፅ ከቦሌ ሰው ጉሮሮ ቢወጣ «ይህ ከየት መጣ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

ለቅሶው በተነሣ በሳምንቱ ሚስቱ ቤቴ መጣች። እንጀራ እየሸጠች የምትተዳደር ሴት ናት። መቀመጫ ስሰጣት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ መዝገቡ ላይ ምን ብለው ጻፉ?»

«ገና አልጻፍኩም» አልኳት።

«ድንገት ብለው አይጻፉብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬው ነው ያነጋሁት። ድንገት አይደለም።»

«እሺ፤ ነቀርሳ ብዬ እጽፋለሁ።»

«እሱንማ ጨርሶ አይጻፉ!» አለችና አለቀሰች።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለው። «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው የሚተላለፈውን ቲቢን ነው፤ ያንኑ «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለካንሰር እንጠቀምበታለን። ሰውየው በሕይወቱ የሌለበት ነቀርሳ ሲሞት ያለበት ሆነ፤ ሁለቱ አይገናኙም፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። «ነቀርሳ ነበረበት አሉ» የሚለው ወሬ ከድንኳኑ ወጥቶ ሰፈሩን ዞሯል። እንጀራዋን የሚገዛት ሰው ቀንሷል። ትንሿን ልጇን ከጎረቤት ልጅ ጋር ከአንድ ሳህን እንዳትበላ ከልክለዋታል። ለሷ በዚያ ዓምድ ውስጥ የሚጻፈው ቃል የዕለት ጉርስ ጉዳይ ነበር።

በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ሊቀመንበራችን ፈቅደውልኝ፣ እሷም ተስማምታ፣ ወረቀቱን በአማርኛ አድርጌ ለአባላቱ አነበብኩ። ቲቢ እንዳልነበረ፣ እንደማይተላለፍ፣ ቧንቧው ውስጥ የበቀለ ዕጢ እንደነበረ ተናገርኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያፏጭ የነበረው እሱ ነው?» ብለው ጠየቁ። «እሱ ነው» አልኳቸው። ለተወሰነ ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ከዚያ አንዲት እናት ተነሥተው «የኔ ልጅ ድምፁ ከፋሲካ ወዲህ አልተመለሰም» አሉ። ሌላው «ወንድሜ ፓፍ ከጀመረ ዓመቱ ነው፤ ምንም አልሠራለትም» አለ። ስብሰባው በዚያ ቀን ስለ ድንኳን ኪራይ ሊነጋገር የተጠራ ነበር፤ ስለ ኪራዩ ሳንነጋገር ተበተንን።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምችለው የተማርኩትን ማሳለፍ ብቻ ነው። አየር ሲያስገባ የሚያፏጭ ሰው ካለ፣ በአስም መድኃኒት ለወራት ታክሞ ያልተሻለው ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ ከሦስት ሳምንት በላይ የሆነው ካለ፣ ደም የሚቀላቅል አክታ የሚተፋ፣ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሹ የሚዘጋበት ካለ፣ ከሐኪሙ ፊት አንድ ጥያቄ ይዞ ይቅረብ፦ «ቧንቧውን አይታችሁታል?» ጥያቄው ድፍረት ይመስላል፤ አይደለም። ሲቲ ስካኑ ለድሃ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እድራችን ግን አሁን ለቀብር ከሚያስቀምጠው ላይ ጥቂት ቀንሶ ለምርመራ የሚያበድርበት ደንብ አጽድቋል። ብሩ ብዙ አይደለም። እስካሁን ሁለት ሰዎች ተበድረዋል፤ አንደኛው አስም ብቻ ሆኖ ተገኘና ስቆ መለሰልን። የሁለተኛዋን ውጤት እየጠበቅን ነው።

በመዝገቡ ላይ በሱ ስም አንጻር ያለው ዓምድ ጠባብ ስለነበረ፣ ጽሑፉ ወደ ኅዳጉ ወጥቶ ወደ ታች ሁለት መስመር ወርዷል። «በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ የበቀለ ዕጢ፤ ሁለት ዓመት የቆየ፤ የማይተላለፍ።» ሚስቱ ማንበብ ስለማትችል ትልቋ ልጇ አነበበችላት። «ሁለት ዓመት የቆየ» የሚለውን ደግማ እንድታነብላት ጠየቀቻት።